የመጀመሪያው እንቢታ

እኔ እንቁ ነኝ፣ የኑኃሚን አክስት። እናቷ ታላቅ እህቴ ነበረች፤ እሷ ካረፈች ወዲህ የእናትነቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ስለዚህ ይህን ፍቅር ከሰው አፍ ሰምታ ነው የምታወራው እንዳትሉኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሐሉ ነበርኩ። መሐሉ መሆኔ ግን ለማንም አልጠቀመም።

ነገሩ የተጀመረው ሐይቅ ላይ ነው። አምና በበጋው መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ኦንታርዮ ሐይቅ ላይ በሸራ መርከብ እንዝናና ብለው እኔንም ጎትተው ወሰዱኝ። ከመርከቧ ሠራተኞች አንዱ ጺሙን ያንዠረገገ ጠይም ልጅ ነበር፤ ሁላችንም የጃማይካ ልጅ መስሎናል። ኑኃሚን ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ በአማርኛ ጺሙን አማችው፤ ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል፣ እንቁላልም ሳይጥልበት አልቀረም አለች። ልጁ ገመዱን እየጠቀለለ ዝም። ወደብ ደርሰን ስንወርድ እጇን ይዞ አወረዳትና፣ ቀስ ብሎ በጥሩ አማርኛ፣ "እህቴ፣ ጺሜን ነገ እላጨዋለሁ" አላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እውነትም ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ በሩ ላይ ቆሞ ተገኘ። ያን ቀን የእህቴ ልጅ ዓይን ወዴት እንደሄደ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም።

ስሙ ተክለ ማርያም ነው። ስሙን ስትሰሙ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷችኋል። እናቱ አጸደ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥታ እዚሁ ከተማ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር የኖረች፣ ጾም የማታፈርስ የማርያም ወዳጅ ናት። እኛ ደግሞ ጴንጤ ነን። ያውም የኑኃሚን አባት ጋሼ ሙሉነህ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ ጉባኤው ሁሉ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል።

ሥራውስ ቢሆን? የሐበሻ ልጅ ታክሲ ይነዳል፣ ነርስ ይሆናል፣ ኮምፒዩተር ይማራል፤ መርከበኛ ሲሆን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተክሌ ክረምቱን አናጢ ነው። በረዶው ሲሄድ ግን ሁለት ምሰሶ ያላት አንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ይሳፈርና፣ ጥቂት ቱሪስቶች ይዘው ላብራዶር የሚባለውን የሰሜን ጠረፍ በነፋስ ይዞሩታል። ዛፍ የሌለበት፣ ገደሉ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በሐምሌ በረዶ እየተንሳፈፈ የሚያልፍበት አገር ነው። ፎቶውን ስታሳየኝ ሰው ይሄን ለማየት ከፍሎ ይሄዳል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እሷ እቴ፣ ድንጋዩ ሁሉ አምሮባት ነበር። ሲወዱ እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን አመሰግነዋለሁ፤ ይዟት ልጥፋ አላለም። አጸደና ሟቹ ባሏ ካርቱም ላይ ያለ ወላጅ ምርቃት ነበር የተጋቡት። አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ይቅር አላሏትም። ልጁ ያደገው እናቱ አገር ቤት እየደወለች፣ አባቷ አላናግርም እያሏት ስታለቅስ እያየ ነው። ስለዚህ ለኑኃሚን፣ አባትሽ ሳይመርቁኝ ከቤትሽ አላወጣሽም ብሎ ቃል ገባላት። ይኸው ቃሉ ነው በኋላ ጉድ የሠራን።

በነሐሴ፣ እሱ ባሕር ላይ እያለ፣ ሽማግሌ ተላከ። ድሮም ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ኖረ አልኖረ ምን ለውጥ አለው አልን።

ክሬሰንት ታውን ሰፈር ያለው የሕንፃችን ሊፍት እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ሽማግሌዎቹ በደረጃ ወጡ። አቶ እዝራ፣ አቶ ዙበይር፣ ከነሱም ጋር አንድ ቃል ያልተነፈሱ፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ ያልያዝኩት አዛውንት። ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ጋሼ ሙሉነህ ተቀመጡ ቢሏቸው፣ የመጣንበት ሳይመለስልን አንቀመጥም ብለው በር ሥር ተገተሩ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ ወግ ግን ወግ ነው፣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። አቶ ዙበይር የተክሌ አባት የስደት ወንድም ናቸው። ሙስሊም ሆነው ሳለ ኦርቶዶክሱን ለጴንጤዋ ሲለምኑ እንዴት አድርገው እንዳሳመሩት ብታዩ።

ጋሼ ሙሉነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጄ ገና ናት፤ ለአቅመ ሔዋን አልደረሰችም። እንቢ ብያለሁ" አሉ።

ሠላሳ ሊሞላት የተቃረበች፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ የሆነች ልጅ፣ ከእኔ ጋር ወጥ ቤት ተደብቃ ሳቋን በፎጣ አፈነች። ጋሼም ቀጥለው፣ ለማንኛውም እንጸልይበት፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ ብቅ በሉ አሏቸው። ይህቺ "ብቅ በሉ" ናት ዋናዋ። የማይሰጥ አባት ቀጠሮ አይሰጥም። ሽማግሌዎቹም ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። አቶ ዙበይር ሲወጡ ወደኔ ጎንበስ ብለው፣ አለቀ፣ ልብስ ማሰፋት ጀምሩ አሉኝ።

አጸደ ወሬውን ስትሰማ እልል ብላ ለልጇ መልእክት ላከች። ካፒቴኑ ጋ ከሳተላይት የምትገናኝ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች፤ አጭር መልእክት ብቻ ነው የምትልከውና የምትቀበለው፤ አድራሻዋም አጸደ ጋ ብቻ ነው ያለው። አጸደ የጻፈችው ይህን ነው፦ "አባትየው እንቢ ብለዋል። ተመስገን።"

ምን አጠፋች? እሷ ባደገችበት አገር የመጀመሪያው እንቢታ የእሺ መንገድ መሆኑን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ልጇ ግን ያደገው እዚሁ፣ ስትሪትካር በሚሉት የዳንዳስ መንገድ የከተማ ባቡር ላይ ነው። እሱ በሚያውቀው አገር ኖ ማለት ኖ ነው። ተመስገኗም አላጠራጠረችውም፤ እናቱ በሐዘንም በደስታም ተመስገን የምትል ሴት ናት።

*

ከዚያ በኋላ ከመርከቧ ድምፅ ጠፋ።

ኑኃሚን መጀመሪያ አልደነገጠችም። ገደል ለገደል እየሄዱ ስልክ ከየት ይመጣል? የመርከቧ ድርጅት ኢንተርኔት ላይ ካርታ አለው፤ መርከቧ እዚያ ላይ ቀይ ነጥብ ሆና ትታያለች። ልጅቷ ምሳ ሰዓቷን በዚያ ነጥብ ፈጀችው። ዛሬ ደሴቶቹን አለፉ፣ ዛሬ ነፋስ የለም መሰለኝ ቆመዋል፣ ዛሬ ወደ ደቡብ ተመለሱ ትለኛለች። እኔ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው፤ እረፍት ላይ ስሆን ትደውልልኝና ስለ ነፋስ እናወራለን። ሁለት የአዲስ አበባ ሴቶች ስለ ሰሜን ነፋስ ምን እናውቃለን? ግን እናወራለን።

ቀኑ ሲገፋ ፊቷ ጠቆረ። ደስ ቢለው እኮ አንዲት ቃል ይልክ ነበር አለች። ሽማግሌው ሲላክ ነገሩ እውነት ሆነበትና ፈራ ይሆን? ወይስ እዚያ መርከብ ላይ ሌላ ሰው አለ? እኔም አጽናናሁ ብዬ፣ ወንድ ልጅ እኮ ሊያገባ ሲል ትንሽ ይደነብራል አልኳት። ያን ዕለት እራቷን አልበላችም። አፌን ምን አለበት ብይዘው።

ጋሼ ሙሉነህም ዝምታውን ታዘቡ። ልጁ አባት እንቢ ቢሉትም ለልጅቷ ሰላምታ መላክ አይከለከልም አሉ። የሚፈልግ ሰው ይመላለሳል፣ ደጅ ይጠናል፤ እኔ የእናቷን አባት ደጅ ስጠና ጫማዬ አልቋል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አባቴ ሦስቴ መልሰዋቸዋል። ከዚያም ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ይመስል፣ የጉባኤውን አፍ ፈርቼ ሳለሁ ነበር ቀጠሮ የሰጠሁት አሉ። 

አዲስ ዓመት ሊብት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኑኃሚን ከሥራ በቀጥታ መጣች። የሆስፒታል ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የድምፅ መልእክት ከፈተችልን። በሽተኛ ላይ ስለነበረች ስልኩ ሎከር ውስጥ ሆኖ ነው የጠራው።

"ኑሂ፣ ተክሌ ነኝ። ናይን የምትባል መንደር ነን፣ የመጨረሻዋ ናት፣ ሲግናል አገኘሁ። አባትሽ እንቢ እንዳሉ እማዬ ነግራኛለች። አልፈርድባቸውም፣ ኦኬ? አንቺን ከአባትሽ መለየት ግን አልችልም። እማዬ ስታለቅስ ነው ያደግኩት፤ አንቺ እንደሷ ስታለቅሺ ማየት አልችልም። ካፒቴኑ መርከቧ ክረምቱን ግሪንላንድ ነው የምትቆመው፣ የሚጠብቃት ሰው እፈልጋለሁ ብሎኝ ነበር። ባንቺ ምክንያት ኖ ብዬው ነበር። ትናንት እሺ አልኩት። አሁን እንወጣለን። ደጋግሜ ኮል አደረግኩ፣ አታነሺም። ምናልባት ይሻላል። አይ ላቭ ዩ። ሶሪ።"

 ኑኃሚን አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። መልሳ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። አጸደ ጋ ደውለን በሳተላይቷ መልእክት አስላክን፤ ሄዷል ይላል፣ መልስ የለም። ካፒቴኑ መሣሪያዋን የሚያያት ሲመሽ ብቻ ነው። እስከዚያ መርከቧ ጠረፉን ለቅቃ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ መልእክቱን ቢያነበውም መመለስ አይችልም። አጸደ ስልኩ ውስጥ ሆና፣ ምን ብዬ ጻፍኩ፣ ምን ብዬ ጻፍኩ ትላለች። ነጥቧ ካርታው ላይ ከመንደሪቱ ተላቃ ወደ ባሕሩ ስትሄድ ሦስታችንም እናያለን። ከዓይናችን ሥር እየሄደ መያዝ አልተቻለም። እንዲህ ያለ አቅም ማጣት አይቼ አላውቅም።

ጋሼ ሙሉነህን አንድ ነገር ያድርጉ አልኳቸው። መስኮቱ ጋ ካለው ወንበራቸው ሳይነሡ፣ "የሴት ልጅ አባት ወንድ አያባርርም፣ እንቁ" አሉኝ። ድምፃቸው ግን እንደ ቃላቸው አልጠነከረም።

*

ኑኃሚን ድንገት፣ "ሚርያም!" አለች።

ሚርያም እዚያች ናይን የምትባል መንደር የምትኖር ሴት ናት፤ ለመርከቧ ዳቦና ዓሣ የምታቀርበው እሷ ናት። ተክሌ አምና ኑኃሚንን ሲያጫውታት፣ በዚያ አገር ሰው ሁሉ ወጥ ቤቱ ውስጥ የባሕር ሬዲዮ አለው፣ ባልና ልጆቹ በጀልባ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ ይከፍተዋል ብሏታል። ኑኃሚን ወደ መንደሪቱ ሱቅ ደወለች፤ ከሱቁ ቁጥሯን ሰጧት። ሚርያም ስታነሳ ኑኃሚን የስልኩን ድምፅ ለሁላችን ከፍታ በእንግሊዝኛ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላት። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። መርከቧ የመጨረሻዎቹን ደሴቶች ሳታልፍ አልቀረችም፣ ሬዲዮው ግን ገና ሳይደርስ አይቀርም አለች። ከዚያም ሁለት ነገር አስጠነቀቀቻት። ሬዲዮው ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው መስማት ብቻ ነው። ደግሞም በዚያ ጠረፍ ያለ ጀልባ ሁሉ፣ ያለ ወጥ ቤት ሁሉ፣ የምትይውን ይሰማል።

ኑኃሚን ይስሙ አለች።

ሚርያም ስልኳን ሬዲዮው ጋ አስጠጋች። መርከቧን ጠራች፤ ጭርር ይላል። ደግማ ጠራች። የካፒቴኑ ድምፅ መጣ፤ ሚርያም የሚፈልጉት ማንን እንደሆነ ነገረችው። ጠበቅን። እኔ የኑኃሚንን ትከሻ ይዤ ነበር።

"ኑሂ?" አለ።

ልጄ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እያለቀሰች ነገረችው። እንቢታው የወግ እንደሆነ፣ አባዬ ቀጠሮ መስጠታቸውን፣ እናትህ ያን የጻፈችው ደስ ብሏት እንደሆነ፣ ሁሉንም። ስትጨርስ ከጭርርታው ውስጥ የመጣው ድምፁ የደከመ ነበር።

"አንቺ ስለምትወጂኝ ነው እንደዚህ የምትይው። እኔ እንድመለስ ብለሽ። አባትሽ በራሳቸው አፍ እንቢ ብለዋል፣ እማዬ ትዋሻለች? እናቴም አባቷ አንድ ቀን እሺ ይላሉ ትል ነበር፣ ኑሂ። ዕድሜ ልኳን።"

እውነቱን ነግራው እውነቱ የአፍቃሪ ውሸት መሰለበት። ከዚህ በላይ ምን ትበለው? ስልኩን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሚርያም ከወዲያ ፍጠኑ፣ ድምፁ እየራቀ ነው ትላለች።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ጋሼ ሙሉነህ ተነሡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መስኮቱን ተደግፈው፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው መጡ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ኑኃሚን ስልኩን ሰጠቻቸው። ኮታቸውን ቆለፉ። ሬዲዮ ላይ ማን ያያቸዋል? ግን ቆለፉ።

"ተክለ ማርያም፣ ሙሉነህ ነኝ። ስማኝ ልጄ። እንቢ ያልኩት አንተን ጠልቼ አይደለም። የሰው ልጅ ባንድ ቃል አትሰጥም፤ በዓይንህ እንዳትቀል ነው። ሽማግሌ ይመለሳል ብዬ ነው። ጉባኤዬ ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼም ነበር፣ አልዋሽህም። ፈርቼም ቀጠሮ ሰጠሁ። አሁን ያንተ ሽማግሌዎች እስኪመጡ አልጠብቅም። እኔው ሽማግሌ ሆኜ መጥቼብሃለሁ። ልጄን አግባልኝ።"

የሴት ልጅ አባት እንዲህ ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ያውም ላብራዶር እየሰማ። አማርኛውን የሚያውቅ እዚያ አንድ ሰው ብቻ መሆኑ በጀን።

ጭርርታው ረዘመ። ኑኃሚን ከወለሉ ላይ ሆና ወደ አባቷ አንጋጣለች። ከዚያ ድምፁ ተቆራርጦ መጣ፤ እያለቀሰ ነበር፣ ወይም ነፋሱ ነበር።

"ጋሼ... ቀጠሮው... ለመቼ ነው?"

"ስትመለስ!" አሉ ጋሼ ሙሉነህ። በሕይወቴ ሲጮኹ የሰማኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። "የተመለስክ ዕለት ነው ልጄ! ክረምቱን እንጠብቅሃለን! ሰማኸኝ?"

ሚርያም መልሱ እንዲመጣ የሬዲዮውን ቁልፍ ለቀቀችው። ጭርርታ ብቻ። ጋሼ ደገሙት፤ ሦስተኛም አሉት። መልስ የለም። ሚርያም መርከቧን በስሟ ጠራች፣ ጠራች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ለኑኃሚን ነገረቻት። ከትልቁ ደሴት ጀርባ ገብተዋል። ካፒቴኑ አሁን ልመለስ ቢልም አይችልም፤ ከኋላቸው ማዕበል እየመጣ ነው፣ ይዟቸው የሚሄደው ነፋስ ዛሬ ብቻ ነው ያለው። የመጨረሻውን ቃል ሰምተውት ይሁን አይሁን አላውቅም አለች። እኔ ሬዲዮውን አልዘጋውም፣ ድምፅ ከመጣ እደውልልሻለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ካርታው አሁንም ተከፍቶ ነው። ቀዩዋ ነጥብ ጠረፉን ለቃ ሰማያዊው ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ኑኃሚን በጣቷ ሸፈነቻት፤ ቆይታ ጣቷን ስታነሳ ትንሽ ርቃ አገኘቻት። ይወዳታል፣ ትወደዋለች፣ አባቷም ሰጥተዋል፤ ሁሉ ሞልቶ ሳለ የሚፈይድ አንድም ነገር የለንም። 

ጋሼ ሙሉነህ ስልኩን እንደያዙ ቆመዋል። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ስላየሁ ወንበሩን አቀረብኩላቸው።

"ይቀመጡ እንጂ ጋሼ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም" አሉ።

ኑኃሚን ከወለሉ ተነሣችና አጠገባቸው ቆመች። እኔስ ምን ልሁን፣ ወንበሩን ትቼ አብሬያቸው ቆምኩ።